ያልተዘረጋች እጅ

ሉናስ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ቀን በቀን የሚጮኸው ቃል አንድ ነው፦ "ፍሬቻ!" "ፍሬቻ አሳይ እንጂ! ከኋላህ ያለው ሰው ጠንቋይ ነው እንዴ? ያሰብከውን በምን ይወቅልህ?" ይላል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለወሬ ማሟሻ አይደለም። በዚያች ቀን ያደረገውን ስትሰሙ "ምስኪን፣ ተዘናግቶ ይሆናል" ብላችሁ እንዳታዝኑለት ነው። አልተዘናጋም። በአልጄሪያው የሱማም ሸለቆ ውስጥ የምልክትን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሦስት ሆነው ነው የወጡት። ከአልጀርስ ተነስተው፣ ባሕሩን በግራ እጃቸው እያደረጉ፣ በብስክሌት እስከ አናባ። ስምንት ቀን የታሰበለት መንገድ ነው፤ እኔ የምነግራችሁ አራተኛውን ቀን ነው። ፊት ሉናስ፣ መካከል ዳ አክሊ፣ መጨረሻ ታሳዲት። "ዳ" ማለት በእነሱ አገር ታላቅን ሰው በባዶ ስሙ ላለመጥራት ከፊት የሚደረግ ነው። ዳ አክሊ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ ጀርባቸው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ አፋቸው ደግሞ ከጀርባቸው የባሰ። ታሳዲት ነርስ ናት፤ ከሁለቱ ወንዶች ታንሳለች፣ ነገር ግን ዳገት ላይ ሁለቱንም ታስንቃለች።

ዳ አክሊ ወደ አናባ የሚሄዱት ለሽርሽር አልነበረም። እዚያ ታላቅ እህታቸው ላላ ዊዛ አሉ፤ "ላላ" ለሴት "ዳ" እንደማለት ነው። እህትና ወንድም ከተኳረፉ ሠላሳ ዓመታቸው። ነገሩ አንድ ደብዳቤ ነው። የላላ ዊዛ ባል ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ሕንጻ ሥራ ላይ ሳለ ታመመና "ቶሎ ድረሺልኝ" ብሎ ጻፈላቸው። ደብዳቤው ዘግይቶ ገባ። እሳቸው መርከብ ተሳፍረው እስኪደርሱ ሰውየው አፈር ለብሶ ጠበቃቸው። ደብዳቤውን ያደረሰው ፖስተኛ ደግሞ ማን ይመስላችኋል? የገዛ ወንድማቸው አክሊ። "ከማርሴይ ነው የዘገየው" አሉ ዳ አክሊ። "አንተ ጋ ነው የዘገየው" አሉ እህት። አለቀ። ላላ ዊዛ ልጃቸውን ይዘው ወደ ባላቸው አገር ወደ አናባ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ለበዓል በስልክ "ደህና ናችሁ? ደህና" ብቻ ሆነ።

"በአውቶቡስ ብሄድ 'ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ጎራ አለ' ትለኛለች" ይሉ ነበር ዳ አክሊ። "ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በእግሬ እየመታሁ ሄጄ፣ ላብ በላብ ሆኜ በሯን ሳንኳኳ ግን ምን ትላለች? ቢያንስ ውሃ ትሰጠኛለች። ከውሃው በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል።"

አሁን የብስክሌተኞችን ሕግ ልንገራችሁ፤ አጭር ነው። ነፋስ እንዳይመታችሁ ከፊተኛው ጎማ አንድ ክንድ ያህል ተጠግታችሁ ትነዳላችሁ። ተጠግታችሁ ስትነዱ መንገዱን አታዩትም። የምታዩት የፊተኛውን ጀርባና ጎማ ነው። ስለዚህ መንገዱን የሚያይላችሁ ፊተኛው ነው። ጉድጓድ በቀኝ ካለ ቀኝ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ያሳያል፤ በግራ ከሆነ በግራ። እናንተም ሳትጠይቁ ትከተላላችሁ። በእነሱ የብስክሌተኞች ማኅበር "የፊተኛው እጅ የሁሉ ዓይን ነው" እየተባለ አዲስ የገባ ሁሉ ይማላል። ሉናስ ራሱ ነው የሚያስምለው።

ጠዋት ከቢጃያ ሲነሱ ባሕሩ ተኝቶ ነበር። ሜዳውን እንደ ጉድ በረሩት። አውቃስን አልፈው መልቡ ሲደርሱ፣ ባሕር ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብተው ትኩስ ቂጣ በወይራ ዘይት አዘዙ። ሻይ ቤቷ በዓሣ አጥማጅ ተሞልታለች። ዳ አክሊ ሰው ሲበዛ ሲያዩ ዓይናቸው ያበራል። ሉናስ ገባው። "እባክህ አምላኬ፣ ዛሬስ ይተውኝ" አለ በሆዱ።

"ወገኖቼ" አሉ ዳ አክሊ ቂጣቸውን ዘይቱ ውስጥ እያጠቀሱ፣ "ይህን ጎረምሳ ታዩታላችሁ? የመንጃ አስተማሪ ነው። ሸለቆውን በሙሉ መኪና ያስነዳ እሱ ነው።"

"ማሻ አላህ" አለ አንዱ።

"ቆይ ገና ነው። ሚስቱ ፋዲላ በእሱ እጅ ተምራ ሦስት ጊዜ ተፈተነች። ሦስቴ ወደቀች! በምን? ፍሬቻ ረስታ። አራተኛው ላይ መረራትና ተደብቃ ከመንገድ ማዶ ካለው ተቀናቃኙ ዘንድ ተመዘገበች። በአሥራ አንድ ቀን መንጃ ፈቃዷን ይዛ ከች!"

ሻይ ቤቷ በሳቅ ልትፈርስ ሆነ። አንድ ጥርሱ የሳሳ ዓሣ አጥማጅ የሉናስን ትከሻ መታ መታ አደረገው። "ወንድሜ፣ የኔንም ሚስት ላምጣልህ? አንተ ጋ ትማርልኝ። መኪናዬን እንዳትነካብኝ ነው የምፈልገው።"

ሳቁ ከጣሪያ በላይ ሆነ። ታሳዲት እንኳ፣ ስንት ጊዜ ሰምታው፣ በመዳፏ አፏን ሸፈነች። ሉናስም ሳቀ፤ ካልሳቀ ይብሳል። ግን ውስጡ ድብን ብሏል። ቀልዱ ከአልጀርስ ወዲህ ሲነገር ሰባተኛው ነው፤ ቆጥሯል። እውነት መሆኑ ነው ደግሞ የሚያንገበግበው። ፋዲላን መኪና ውስጥ እንዴት ይጮኽባት እንደነበር፣ እጇ መሪው ላይ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ያውቃል። ያንን ማንም አያውቅበትም፤ እሱ ግን ቀልዱ በተነገረ ቁጥር የሚያየው ያንን እጇን ነው። ሳቁ ሲበርድ ሂሳብ ተከፈለና ወደ ብስክሌታቸው ወጡ።

ከመልቡ ወዲያ ያለውን መንገድ ያላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ተራራው ቀጥ ብሎ ወርዶ ባሕር ውስጥ ይገባል፤ መንገዱ በመካከላቸው በጭንቅ ይሾልካል። በቀኝ ገደሉ ከነቁጥቋጦው፣ በግራ ከመንገዱ ዳር አጭር ግንብ ማዶ ውሃው። ያ ውሃ ደግሞ ከሥሩ ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ይጠራል። ጭራ የሌላቸው ዝንጀሮዎች ግንቧ ላይ ተደርድረው ዳቦ የሚወረውርላቸውን መኪና ይጠብቃሉ። እንዲህ ባለው ቀን ሰው ሁሉ ደግ መሆን ነበረበት። ሉናስ ግን ጥርሱን ነክሶ ነው የሚነዳው።

ዳ አክሊ ከኋላው ሆነው ዘፈን ቢጤ እያንጎራጎሩ ነበር። አንዲት ትልቅ ዝንጀሮ ልጇን አዝላ መንገዱን ስታቋርጥ አዩና፣

"ሉናስ!" ብለው ጮኹ። "ያቺ ዝንጀሮ መንጃ ፈቃድ አላት አሉ! ሌላ ሰው ነው ያስተማራት!"

ታሳዲት ከኋላ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

ስምንተኛ።

ከዚያ አንድ አጭር ዋሻ መጣ። ጨለማ፣ ብርድ፣ የውሃ ጠብታ፣ ከዚያ ድንገት ፀሐይ። ሉናስ ከዋሻው አፍ ሲወጣ ሃያ እርምጃ ያህል ፊት ለፊቱ፣ በቀኝ ጠርዝ፣ የጎርፍ መውረጃውን ክዳን አየ። የብረት ፍርግርግ ነው፤ አንዱ ዘንግ ወልቋል። ክፍተቱ የብስክሌት ጎማ ልክ ነው። ፍንትው ብሎ ታየው። ቀኝ እጁም እንደ ልማዱ፣ ሳያዛት፣ ከመሪው ተነሳች።

ከዚያ መልሶ አስቀመጣት።

"ይንገጭገጭ" አለ በሆዱ። "አንዴ ይንገጭገጭና ያንን ምላሱን ይንከስ።" የራሱን ጎማ አንድ ስንዝር ወደ ግራ አሸሸና አለፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓይን እርግብ እስኪል እንኳ አልፈጀም። አጥንት ይሰበራል ብሎ አላሰበም፣ ሰው ይወድቃል ብሎም አላሰበም፤ እሱ ያሰበው መንገጭገጭ ብቻ ነው። ግን አስቦታል። ማሰቡን እንዴት ይክደው?

ከኋላው ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማ፣ ቀጥሎ ከባድ ነገር አስፋልት ላይ ሲያርፍ፣ ቀጥሎ የታሳዲትን ጩኸት። ዞሮ ሲያይ ዳ አክሊ መንገዱ መሃል በቀኝ ጎናቸው ተዘርረዋል፣ ብስክሌታቸው የፊት ጎማው ፍርግርጉ ውስጥ እንደተሰነቀረ ቆሟል። በጀ መኪና አልመጣም። አንድ መኪና ቢመጣ ኖሮ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው በሌላ መልክ ይነግራችሁ ነበር።

ታሳዲት ብስክሌቷን ጥላ ተንበረከከች። ጣቶቿን ከአንገታቸው ሥር፣ ከትከሻው ወዲህ ወዳለው አጥንት ስትሰድ ዳ አክሊ "ወይኔ እናቴ!" አሉ።

"ተሰብሯል" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ ሉናስን አየችው። እሷ ከዚያ ሰፊ ጀርባ ኋላ ሆና ምንም አልታያትም። "ዳ ሉናስ፣ አሳይተሃቸው ነበር አይደል?"

ሉናስ አፉን ሊከፍት ሲል ዳ አክሊ ቀደሙት። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ "ምን ማለትሽ ነው?" አሉ ተቆጥተው። "አሳይቶኛል እንጂ! መቼ ሳያሳየኝ ቀርቶ ያውቃል? እኔ አህያው ነኝ ዓይኔን ባሕሩ ላይ የተከልኩ። ምን የመሰለ ውሃ ነው ብዬ ሳፈጥ…"

ታሳዲት አሁንም ሉናስን እያየች ነው። ሉናስም ራሱን ነቀነቀ፦ አዎ፣ አሳይቻለሁ።

ነቀነቀ! እስከዚያች ደቂቃ ጥፋቱ አንድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሆነ።

ወዲያው አንድ አትክልት የጫነ ፒክአፕ ደረሰ። ሰውየውን ከቃሪያው መካከል ደግፈው አስቀምጠው፣ ብስክሌቶቹን ከላይ ከምረው፣ ዚያማ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ሐኪሙ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አየ፣ ራጅ አስነሳ፣ ቀኝ ክንዳቸውን ከደረታቸው ጋር አሠረ። ግራ መዳፋቸውም አስፋልቱ ልጦት ነበርና በፋሻ ተጠቀለለ። "ስድስት ሳምንት ብስክሌት የለም አባቴ" አላቸው።

"አናባስ?" አሉ ዳ አክሊ፣ አናባ መድኃኒት ይመስል።

"የምን አናባ? ወደ ቤትዎ ነው እንጂ።"

እዚያ ላይ ነው ያለቀሱት። ሲወድቁ ያላለቀሱት ሰውዬ፣ አጥንታቸው ሲታሠር ያላለቀሱት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንባቸውን በምን ይጥረጉት? ሁለት እጃቸውም ታሥሯል። ታሳዲት በጥጥ ጠረገችላቸው። ሉናስ መስኮቱ ጋ ሄዶ ውጭ ውጭውን አየ። "እኔ ነኝ እኮ" ይላል ውስጡ። "እኔ ነኝ አናባን የነሳኋቸው።"

ወደብ ዳር ያለ የዓሣ ቤት ባለቤት፣ ቡጀምዓ የሚባል ቦርጫም ደግ ሰው፣ ወሬውን ከፒክአፑ ሾፌር ሰምቶ "የመንገድ ሰው ጤና ጣቢያ አይውልም" ብሎ መጥቶ ወሰዳቸው። ከዓሣ ቤቱ በላይ ባሕሩን የሚያይ ክፍል ሰጣቸው። ሰርዲን ጠብሶ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ ዳቦ ደርድሮ አቀረበ። ወሬው ሰው ጠራ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ "አላህ ያሽርዎ" ይላል፤ ዳ አክሊም ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ይነግራሉ።

"ጥፋቱ የራሴ ነው። ይህን ልጅ ታዩታላችሁ? አራት ቀን ሙሉ አንዲት ጠጠር ሳትቀር በጣቱ አሳይቶኛል። ከሱ የተሻለ ፊተኛ በአልጄሪያ ምድር የለም። እኔ ነኝ ያላየሁ።"

ሰዎቹ ሉናስን በአድናቆት ያዩታል። ቡጀምዓ የሰርዲኑን ትልቅ ትልቁን እየመረጠ እሱ ፊት ይከምርለታል። "ብላ እንጂ! ደንግጠሃል መሰለኝ።" ሉናስ አንዱን አነሳ፣ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ቢሰድቡት በወደደ። ያንን የሚስቱን ቀልድ መቶ ጊዜ ቢያወሩት በወደደ። ዳ አክሊ ግን ከወደቁ ወዲህ ቀልዱን አንዴም አላነሱትም፤ ምስጋና ብቻ። ምስጋናው ቆዳውን ይልጠዋል።

ከምሳ በኋላ ታሳዲት ብስክሌቶቹን ልታይ ወረደች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ሉናስ" አሉ ዳ አክሊ፣ "ስልኬን ያዝልኝ። ዊዛ ጋ ደውልልኝ። እመጣለሁ ብያት ነበር፤ አልመጣም ልበላት፣ ስትጠብቀኝ አትዋል።"

ደወለና ስልኩን በቀኝ እጁ ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው። ሌላ ማን ይያዝላቸው? ስለዚህ ሳይወድ ሁሉንም ሰማ።

"ዊዛ፣ አልመጣም።"

"አውቄዋለሁ" አለ የአሮጊት ድምፅ። "ደከመህ?"

"ወድቄ ነው። አጥንቴ ተሰብሯል።"

"ኧረ በነቢዩ! ማን ጣለህ?"

"ማንም አልጣለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሉናስ ስልኩ የተቋረጠ መሰለው።

"ምን አልክ?" አሉ ላላ ዊዛ።

"ጥፋቱ የኔ ነው አልኩሽ። ልጁ አሳይቶኛል፤ እኔ አላየሁም።"

"አክሊ፣ ራስህንም ተመተሃል እንዴ? አንተ እኮ ከእናትህ ማሕፀን ከወጣህ ይህን ቃል ተናግረህ አታውቅም።"

ዳ አክሊ ሊስቁ ሞከሩ፣ አጥንታቸው ወጋቸውና ተውት። ባሕሩን አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

"ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው ዊዛ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከታች፣ የተቀደደው ገበር ውስጥ ሾልኮ ገብቶ። አሥራ ዘጠኝ ቀን። ሳገኘው ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን አየሁና ፈራሁ። 'ዛሬ ገባ' ብዬ ሰጠሁሽ። ከማርሴይ አልዘገየም። እኔ ጋ ነው የዘገየው።"

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ተሰማ። የቁጣ ለቅሶ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የታሰረ ነገር ሲፈታ ሰው የሚያለቅሰው ዓይነት ነው።

"ሠላሳ ዓመት" አሉ ላላ ዊዛ በመጨረሻ። "ሠላሳ ዓመት ይህችን ብቻ ነበር የጠየቅኩህ አንተ ደንቆሮ። የት ነው ያለኸው?"

"ዚያማ፣ ዓሣ ቤት።"

"እንዳትነቃነቅ። ልጄ መኪናውን እያስነሳ ነው።"

ሉናስ ስልኩን አወረደ። ዳ አክሊ ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ፤ ሸክም አውርዶ የተቀመጠ ሰው ይመስላሉ። እሱ ደግሞ በአንጻሩ ሸክሙ ከበደው። ይህ ሽማግሌ የሠላሳ ዓመቱን አወጡት፤ እሱ የሦስት ሰዓቱን ማውጣት አቃተው?

"ዳ አክሊ።"

"ምነው ልጄ?"

"አላሳየሁዎትም።"

"ምኑን?"

"ፍርግርጉን። አይቼዋለሁ። ከሩቅ ነው ያየሁት። እጄ ተነስታ ነበር፤ መለስኳት። በዝንጀሮዋ ቀልድ ተናድጄ… ይንገጭገጩ ብዬ። ይወድቃሉ ብዬ አላሰብኩም። በፋዲላ ይሁንብኝ፣ አላሰብኩም። ታሳዲት ስትጠይቀኝ ደግሞ ዋሸሁ።" ከዚያ በላይ አልቻለም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ከታች ቡጀምዓ ሳህን ሲያጋጭ ይሰማል።

"እንግዲያው የኔ ጥፋት አልነበረማ" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

"አልነበረም።"

"ይህን ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ፣ ለዊዛ ምን እላት እንደነበር ታውቃለህ? 'ሉናስ ጣለኝ' እላት ነበር። ተቆጥቼ፣ ስምህን እያጠፋሁ። ደብዳቤውም እስከ መቃብሬ ገበሩ ውስጥ ይቀር ነበር።" የታሠረ ክንዳቸውን አዩ። "ይቅር ብዬሃለሁ ብለህ ግን እንዳታስብ። አጥንቴ ይጠዘጥዘኛል።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። እኔ ሠላሳ ዓመት ተሸክሜው ስለኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንተ ገና ጀማሪ ነህ።" ቀና ብለው አዩት። "ስማኝ። ለዊዛ እንዳትነግራት። እሷ የሰማችው 'ጥፋቱ የኔ ነው' የሚለውን ነው። በሐሰት የቆመ ነው ብትላት ደብዳቤውንም ትጠረጥራለች። አሁን ያገኘችውን አትንጠቃት። ለታሳዲት ግን ዛሬውኑ ትነግራታለህ።"

"ለታሳዲት?"

"ነገ ከኋላህ የምትነዳው እሷ አይደለችም እንዴ?"

ወርዶ ነገራት። ታሳዲት የዳ አክሊን የተጣመመ ጎማ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እያጠበቀች ነበር። ሰማችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። መፍቻዋን አስቀመጠችና "እኔም ስቄያለሁ" አለች። "ግን አንተ ፊት ስለሆንክ እኔ መንገዱን አላየሁም። አምኜህ ነው።" ከዚያ ጎማውን አነሳች። "ነገ ፊት እኔ ነኝ። አንተ ጀርባዬን እያየህ ትመጣለህ።"

ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ የላላ ዊዛ ልጅ መኪና ዓሣ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ላላ ዊዛ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሻሻቸውን በአገጫቸው ሥር ያሠሩ ሴት ናቸው። ዳ አክሊ በቡጀምዓ ክንድ ተደግፈው ወርደው በሩ ላይ ቆመዋል። እህት መጥተው ፊት ለፊት ቆሙ፣ ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው፣ ከዚያ በደህናው ትከሻቸው በኩል አቀፏቸው። እኔ ስለዚያ እቅፍ ብዙ አልናገርም። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ ብል ይበቃል።

"ውሃ አምጪልኝ" አሉ ዳ አክሊ። "እንደ ደንቡ አንቺ ነሽ የምትሰጪኝ።" ላላ ዊዛ ብርጭቆውን ይዘው፣ ልክ እንደ ሕፃን፣ አፋቸው ላይ አድርገው አጠጧቸው።

ከዚያ ተቀመጡ፤ ሰርዲኑ እንደገና ቀረበ። ላላ ዊዛ ዓይናቸውን በጠረጴዛው ዙሪያ አዟዟሩ።

"ያ የሚያሳይህ ልጅ የቱ ነው?"

ማንም ሳይመልስ ቡጀምዓ "ይኸውልዎት!" ብሎ ሉናስን በጣቱ አመለከተ። ሴትዮዋ ተነስተው ዞረው መጡና የሉናስን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሊያስለቅቅ ቢሞክር አጥብቀው ያዙት።

"አራት ቀን ወንድሜን ያሳየች እጅ ይቺ ናት?" አሉና ጎንበስ ብለው ሳሟት።

ሉናስ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ዳ አክሊ ከጠረጴዛው ማዶ አዩትና ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ዊዛ!" አሉ። "የዚህን ልጅ ሚስት ወሬ ነገርኩሽ? ሦስት ጊዜ ወደቀች እኮ! በባሏ ተምራ!"

ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረኩት፤ ፋዲላን፣ ፍሬቻውን፣ ተቀናቃኙን፣ አሥራ አንዱን ቀን። ዘጠነኛው ነው። ሉናስ በዘጠነኛው አልተናደደም፤ እንዲያውም እንዳያልቅበት ተመኘ። ከቀልዱ ውስጥ የሚሸሸግበት ጥላ አግኝቶ ነበር። ሰዉ ሳቀ። ላላ ዊዛ እጁን ሳይለቁ፣ ዓይናቸው አሁንም እንባ እንዳቀረረ፣

"ታዲያ አሁንስ" አሉት በደግነት፣ "ሚስትህ ምልክት ማሳየት ተማረች?"

"እሷማ ተምራለች ላላ ዊዛ" አለ ሉናስ። "እኔ ነኝ ያልተማርኩ።"

ሳቁ እንደ አዲስ ፈነዳ። ቡጀምዓ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፣ የላላ ዊዛ ልጅ ሳቀ፣ ከጎን ጠረጴዛ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሳቁ። ዳ አክሊ ግን አልሳቁም፤ ታሳዲትም ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። ላላ ዊዛ እየሳቁ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ያቺን እጅ በሌላው መዳፋቸው መታ መታ አደረጓት። አሁንም አልለቀቋትም።